የባትሪ ኤሌክትሮዶችን በቫኪዩም ማድረቅ፦ ጅማ ላይ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

የሊቲየም አዮን ባትሪ ሴል ተገጣጥሞ እስኪዘጋ ድረስ ካሉት ሥራዎች መካከል ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ ብዙ ጊዜም በችኮላ የሚታለፈው፣ ኤሌክትሮዱን (በፎይል ላይ የተቀባውን የሴሉን ዋልታ) በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ ተስቦ በወጣበት ክፍል ውስጥ፣ ማድረቅ ነው። ይህ መመሪያ በአነስተኛ ላብራቶሪ ውስጥ የሳንቲም ቅርጽ ያላቸውን የሙከራ ሴሎች ለሚሠሩ የጅማ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የተጻፈ ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍ በአብዛኛው የሚያስበው በባሕር ወለል አጠገብ ባለ ከተማና አየሩ በደረቀ ክፍል ውስጥ የሚሠራን ሰው ስለሆነ፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ ወስዶ ጅማ ላይ መጠቀም በሁለት ቦታ ያሳስታል። አንደኛው የግፊት ጌጁ ሲነበብ፣ ሁለተኛው የደረቀው ኤሌክትሮድ ከኦቭኑ ሲወጣ ነው። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ላይ ከሌላው ይልቅ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ውሃ ሴሉ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት

በአብዛኛዎቹ የሊቲየም አዮን ሴሎች ኤሌክትሮላይት (በኤሌክትሮዶቹ መካከል አዮን በሚያመላልሰው ፈሳሽ) ውስጥ የሚገኘው ጨው ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ይባላል። ይህ ጨው ውሃ ሲያገኝ ይፈርስና ሊቲየም ፍሎራይድ፣ ፎስፎሪል ፍሎራይድ የተባለ ጋዝና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሰጣል፤ በአንድ የውሃ ሞለኪውል ሁለት የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። በክብደት ሲሰላ 18 ግራም ውሃ 40 ግራም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ያስገኛል ማለት ነው። ይህ አሲድ ከካቶዱ (ከአዎንታዊው ኤሌክትሮድ) ውስጥ እንደ ማንጋኒዝና ብረት ያሉትን ንጥረ ነገሮች ያሟሟል፤ የሟሟውም ወደ አኖዱ (ወደ አሉታዊው ኤሌክትሮድ) ተሻግሮ በግራፋይቱ ገጽ ላይ የተፈጠረውን ቀጭን ተከላካይ ሽፋን ያበላሻል። ሽፋኑ በተበላሸ ቁጥር እንደገና ለመሠራት ሊቲየም ስለሚወስድ የሴሉ አቅም ከዙር ወደ ዙር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚህ ጋር የሚፈጠረው ጋዝም ለስላሳ ከረጢት ያላቸውን ሴሎች ያሳብጣል።

መጠኑን በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ክብ ኤሌክትሮድ ላይ የተቀባው ሽፋን 20 ሚሊግራም ቢመዝንና 500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 500 እጅ) ውሃ ቢኖረው፣ በውስጡ ያለው ውሃ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሆኖም ይህ ውሃ ሙሉ በሙሉ ከጨው ጋር ቢዋሃድ 22 ማይክሮግራም ያህል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይፈጥራል፤ ይህም ጥቂት ጠብታ ኤሌክትሮላይት ብቻ ላለው ትንሽ ሴል ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው የውሃው መጠን ከሴል ሴል የሚለያይ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ በሁለት ሴሎች መካከል የታየው ልዩነት ከሚፈተነው አዲስ ካቶድ የመጣ ይሁን ከእርጥበቱ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፣ የወራት ሥራም ትርጉም ያጣል።

ኤሌክትሮዱ አንድ ጊዜ ከተቀባ በኋላ በሙቅ አየር ደርቆ ሳለ ለምን እንደገና ይደርቃል የሚል ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው ማድረቅ የሚያስወግደው የቅባቱን ማሟሟያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት መጠቅጠቅ፣ መቁረጥና ማስቀመጥ በተለመደው አየር ውስጥ ስለሚከናወኑ፣ ቀዳዳ የበዛበት ሽፋን በእያንዳንዱ ሰዓት ከአየሩ ውሃ ይስባል። በተለይ በሲኤምሲ (በውሃ በሚሟሟ ማያያዣ) የተያያዘ የግራፋይት አኖድ፣ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ የሆኑት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ካቶድ፣ እንዲሁም ኒኬል የበዛበት ካቶድ ለእርጥበት ስስ ናቸው። ፋብሪካዎች ሙሉ ጥቅልሎችን በቫኪዩም ክፍል ውስጥ አስገብተው በተለምዶ ከ12 እስከ 30 ሰዓት የሚያቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጌጁ ጅማ ላይ የሚያሳየው ቁጥር

በብዙ ቫኪዩም ኦቭኖች ላይ የተገጠመው ባለ ቀስት ጌጅ የሚለካው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ፍጹም ግፊት ሳይሆን፣ በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የውጭው ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ስለሆነ፣ ውስጡ ባዶ ሲሆን ቀስቱ ወደ −0.1 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ጅማ ግን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ ፓምፑ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ቀስቱ ከ−0.082 ሜጋፓስካል አካባቢ አያልፍም። መጽሐፉ «−0.095 እስኪደርስ ጠብቁ» ብሎ ሲያዝ፣ ጅማ ላይ ሊገኝ የማይችል ቁጥር እያዘዘ ነው።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። የመጀመሪያው ቀስቱ −0.08 ላይ ሲቆም ፓምፑ ተበላሽቷል ወይም በሩ ያፈሳል ብሎ መደምደምና ደኅናውን መሣሪያ መፍታት ነው። ሁለተኛውና አደገኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ልዩነቱን ያወቀ ሰው «ጅማ ላይ −0.08 በቂ ነው» ብሎ ይረካል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። የውጭው ግፊት 82 ኪሎፓስካል ከሆነና ጌጁ −80 ኪሎፓስካል ካሳየ፣ በውስጥ የቀረው 2 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 20 ሚሊባር ነው። ለኤሌክትሮድ ማድረቂያ የሚፈለገው ግፊት ከ1 ሚሊባር በታች ስለሆነ፣ ይህ ከሚፈለገው ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በቀስት ጌጅ ላይ በ1 ሚሊባርና በ20 ሚሊባር መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ጭረት ስለማይበልጥ በዓይን መለየት አይቻልም።

መፍትሔው በፓምፑና በኦቭኑ መካከል ባለው ቱቦ ላይ ፍጹም ግፊትን የሚለካ ጌጅ መግጠም ነው። ፒራኒ የተባለው ዓይነት በዋጋ የሚቀርብ ነው፤ ነገር ግን ንባቡ እንደ ጋዙ ዓይነት ስለሚለያይ በአርጎንና በውሃ ተን ውስጥ የሚያሳየው ቁጥር በአየር ከተስተካከለበት ይለያል። ካፓሲታንስ ጌጅ ይህ ችግር የለበትም፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ከሁለቱ አንዱን መግዛት ካልተቻለ የውጭውን ግፊት በየዕለቱ ለክቶ ከጌጁ ንባብ ጋር ማስላት ቢያንስ ግዙፍ ስሕተትን ያስቀራል። የውጭውን ግፊት ለማወቅ ባሮሜትር ያለው ስልክ ይበቃል፤ በአየር ሁኔታ ዘገባ ላይ የሚታየውን 1,015 ሚሊባር የመሰለ ቁጥር ግን መጠቀም አይገባም፤ እሱ ወደ ባሕር ወለል ተለውጦ የተሰላ ነውና። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሰው፣ ጅማ ላይ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ራሱ የግፊቱ ምስክር ነው።

ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያላቸው ኦቭኖች ደግሞ የታዘዘው ግፊት ሲደርስ ፓምፑን የሚያጠፉ ወይም ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩ ከሆኑ፣ ትእዛዙ በጅማ ግፊት ሊደረስበት የሚችል መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። የግሎቭ ቦክስ (በደረቅ ጋዝ ተሞልቶ በጓንት የሚሠራበት የታሸገ ሳጥን) መግቢያ ክፍል ጌጅም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ እዚያም «−0.1» የሚል ተለጣፊ ጽሑፍ ካለ በጅማ ቁጥር መለወጥ አለበት።

ከኦቭኑ በፊት

በኤንኤምፒ (የካቶድ ቅባት ማሟሟያ) የተቀባ ካቶድ ወደ ቫኪዩም ኦቭን ከመግባቱ በፊት ማሟሟያው በጭስ መሳቢያ ሥር ባለ ተራ ማድረቂያ ውስጥ መውጣት አለበት። ኤንኤምፒ የሚፈላው በ202 ዲግሪ ስለሆነ በቀላሉ አይተንም፤ ለጽንስ ጎጂ መሆኑም የታወቀ ነው። በቫኪዩም ኦቭን ውስጥ እንዲወጣ ከተተወ በቀዝቃዛው ቱቦና በፓምፑ ዘይት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በኋላም ንጹሕ የሆኑትን ኤሌክትሮዶች ሁሉ ይበክላል። ሽታው እየተሰማ ያለ ካቶድ ገና አልደረሰም።

መጠቅጠቁና መቁረጡ ከቫኪዩም ማድረቁ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ደርቆ የተቆረጠ ኤሌክትሮድ እንደገና አየር ነክቶታል ማለት ነውና። የተቆረጡት ክቦች አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረቡ በመስታወት ሳህን ላይ ይዘረጋሉ፣ ወይም በመርፌ በተበሳሳ የአሉሚኒየም ፎይል ኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስማቸው በፎይሉ ላይ በስለት ሳይቀደድ በእርሳስ ጫፍ ይጻፋል፤ ወረቀትና የፕላስቲክ ተለጣፊ ራሳቸው እርጥበትና ሽታ ስለሚያወጡ ከኦቭኑ መራቅ አለባቸው። የሴሉ ክዳኖች፣ ስፕሪንጎችና የብረት ማስደገፊያዎች በአልኮል ታጥበው ከኤሌክትሮዶቹ ጋር አብረው ሊደርቁ ይችላሉ። ሴፓሬተሩ (ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ) ግን ለብቻው ነው፤ የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን በ135 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያም በጣም ቀደም ብሎ መሸማቀቅ ስለሚጀምር በ60 ዲግሪ ማድረቅ ይሻላል። የሊቲየም ሜታልና ኤሌክትሮላይት በምንም ምክንያት ወደዚህ ኦቭን አይገቡም።

ማድረቁ እንዴት እንደሚካሄድ

በመጀመሪያ ባዶውን ኦቭን መዝጋትና መፈተን ይገባል። የበሩን ጎማ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ ፓምፑን አስነሥቶ፣ ግፊቱ ሲረጋ ቫልቩን ዘግቶ ለ10 ደቂቃ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚጨምር መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር የኦቭኑ የራሱ ፍሳሽ መለኪያ ስለሆነ በኋላ ለሌላ ፈተና ይጠቅማል።

ኤሌክትሮዶቹ ከገቡ በኋላ ወዲያውኑ ወደ 120 ዲግሪ ማሞቅ ትክክል አይደለም። በውስጡ አየር እያለ ከሞቀ የአኖዱ መዳብ ይጠቁራል። ስለዚህ ኦቭኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አየሩ ይሳባል፤ ቀጥሎም ደረቅ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ጌጁ −0.03 ሜጋፓስካል እስኪያሳይ ድረስ ይሞላል። ከዚያ በላይ መሙላት አይገባም፤ ጋዙ ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምርና ቫኪዩም ኦቭን ከውጭው አየር የበለጠ ግፊት እንዲይዝ ስላልተሠራ ነው። ማሞቂያው የሚበራው በዚህ ጋዝ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ በባዶ ክፍል ውስጥ ሙቀት የሚያመላልስ ጋዝ ስለሌለ ኤሌክትሮዱ የሚሞቀው ከመደርደሪያው ጋር በሚነካበት ቦታና ከግድግዳው በሚመጣ ጨረር ብቻ ነው። የኦቭኑ ማሳያ 120 ሲል ኤሌክትሮዱ ገና 80 ሊሆን ይችላል። ኦቭኑ ለሽቦ ማስገቢያ ቀዳዳ ካለው ትንሽ ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) በመደርደሪያው ላይ፣ በኤሌክትሮዶቹ አጠገብ፣ ማሰር እጅግ የሚመከር ነው፤ የማድረቂያው ሰዓት መቆጠር ያለበትም ይህ ቴርሞኮፕል የታሰበውን ሙቀት ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሙቀቱ ሲረጋ ጋዙ ተስቦ ይወጣል፣ እንደገና ደረቅ ጋዝ ይገባል፣ እንደገና ይሳባል። ሦስት ወይም አራት ጊዜ እንዲህ ማድረግ የለቀቀውን ተን ጠርጎ ከማውጣቱም በላይ ሙቀቱን ያዳርሳል። የሚገባው ጋዝ በትክክል ደረቅ መሆን አለበት፤ በሲሊንደሩ ላይ ሙሉ እምነት ከሌለ በ300 ዲግሪ ገደማ ታድሶ በተዘጋጀ ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ጠጣር) ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ጋዙ በኃይል ከገባ ቀላሎቹን ክቦች ያበርራቸዋል፣ ከጫፋቸውም ዱቄት ያራግፋል፤ ስለዚህ ቫልቩ በጣም በዝግታ ይከፈታል።

በፒቪዲኤፍ ማያያዣ ለተያያዘ ካቶድ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው። የፒቪዲኤፍ መቅለጫ ከ160 ዲግሪ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር በዚህ ሙቀት ሥጋት የለም። በሲኤምሲና በኤስቢአር ማያያዣዎች ለተያያዘ አኖድ በበኩሌ ከ100 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ረዘም ያለ ሰዓት እመርጣለሁ። በጣም የጋለ አኖድ ይደርቃል፣ ነገር ግን ማያያዣው ይደርቅበትና ሽፋኑ ከመዳቡ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ በ20 ዲግሪ ጭማሪ የተገኘው ጊዜ በተላጠ ኤሌክትሮድ ይከፈላል።

ፓምፑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጋዝ ባላስት ቫልቩን (ጥቂት አየር ወደ ፓምፑ የሚያስገባውን) ክፍት መተው ውሃው በዘይቱ ውስጥ እንዳይቀር ይረዳል። በፓምፑ መስኮት ሲታይ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ጠጥቷል፤ ባላስቱ ተከፍቶ ለሰዓታት ሲሠራ ካልጠራ መለወጥ አለበት። በኦቭኑና በፓምፑ መካከል የቀዝቃዛ ወጥመድ (ተኑን አቀዝቅዞ የሚይዝ ዕቃ) ማስገባት የሚችል ሰው ዘይቱን ከውሃ፣ ኤሌክትሮዶቹንም ከዘይት ተን ይጠብቃል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አስቀድሞ ማሰብ የሌሊቱን ሥራ ያድናል። ፓምፑ በድንገት ሲቆም ግፊቱ ባነሰበት ኦቭንና በውጭው አየር መካከል የቀረው ዘይቱ ብቻ ስለሚሆን፣ ዘይቱ በቱቦው ወደ ኦቭኑ ተስቦ ሊገባ ይችላል። አንዳንድ ፓምፖች ይህን የሚከለክል ቫልቭ በውስጣቸው አላቸው፤ የሌላቸው ከሆነ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ ኤሌክትሪክ ቫልቭ በቱቦው ላይ መግጠም ይገባል። ማንም ሳይኖር ሌሊቱን በሚሠራ ኦቭን ላይ መብራት ጠፍቶ ቢመለስ ማታ የተጀመረው ሰዓት የሚታመን አይደለምና፣ ሙቀትንና ግፊትን በባትሪ የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ከሌለ ማድረቁን ከመጀመሪያው መድገም ግድ ነው።

የደረቀውን ማውጣት

ይህ ክፍል የጅማን አየር የሚመለከት ነው። ዝናቡ በበልግ ጀምሮ ክረምቱን አልፎ በሚዘልቅባት በዚህች ከተማ፣ በ20 ዲግሪና በ80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት አንድ ሜትር ኩብ አየር 14 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። የባትሪ ፋብሪካ ደረቅ ክፍል የጤዛ ነጥቡ (ተኑ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) −40 ዲግሪ ሲሆን በዚያው መጠን አየር ውስጥ ያለው ውሃ ከ0.2 ግራም በታች ነው። ጅማ ላይ ቡና የሚያሰጣ ገበሬ ቀኑን የደረቀው ማታ ጤዛ እንዳይጠጣ አልጋውን ይሸፍናል፤ ኤሌክትሮድም ያንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ልዩነቱ ጊዜው በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ የሚቆጠር መሆኑ ነው።

ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ኤሌክትሮዶቹ በቫኪዩም ሥር ሆነው ከ40 ዲግሪ በታች እስኪወርዱ ይጠበቃል። ከዚያ ኦቭኑ በደረቅ ጋዝ ይሞላል እንጂ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ በክፍሉ አየር ላይ አይከፈትም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት የተደከመበት ሥራ በዚያች ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉ የተሻለው አሠራር ማሞቂያው በግሎቭ ቦክሱ መግቢያ ክፍል ላይ የተገጠመ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮዱ አየር ሳይነካው ያልፋል። ይህ ከሌለ፣ ጠባብ አፍና ጥሩ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ ቀድሞ ከኤሌክትሮዶቹ ጋር አብሮ ደርቆ፣ በሩ እንደተከፈተ በወረንጦ ተሞልቶ ወዲያው ይዘጋል። በመግቢያው ክፍል ውስጥ ሲሳብ ጠርሙሱ ክዳኑ ላላ ብሎ መቆም አለበት፤ ጥብቅ አድርገው የዘጉት ጠርሙስ በውስጡ የያዘውን እርጥብ አየር ይዞት ይገባል።

ደቂቃዎቹ ስንት እንደሆኑ ለማወቅ የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ፤ እያንዳንዱ ላብራቶሪ በክረምትና በበጋ አንድ አንድ ጊዜ እንዲሠራው እመክራለሁ። ያልተቆረጠ ትልቅ የኤሌክትሮድ ቁራጭ ደርቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ባለው ሚዛን ላይ ይቀመጥና ክብደቱ በየደቂቃው ይመዘገባል። ቁጥሩ ሲወጣ ማየት ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከፍታ ከሁሉም ይበልጣል። ቁራጩ ገና ሞቃት ከሆነ በዙሪያው የሚወጣው ሙቅ አየር ከእውነተኛው አሳንሶ እንዲመዝን ያደርገዋልና መቀዝቀዙ ግድ ነው። ከዚህ መዝገብ የተገኘው የደቂቃ ገደብ በኦቭኑ በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ አዲስ የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል።

መድረቁን ማወቅ

ሰዓት መሙላቱ መድረቁን አያረጋግጥም። ሌላ መሣሪያ በሌለበት የሚሠራው ፈተና በባዶ ኦቭን የተደረገውን መድገም ነው፤ ኤሌክትሮዶቹ በውስጥ ሳሉ፣ በዚያው ሙቀት፣ ቫልቩ ይዘጋና የ10 ደቂቃው የግፊት ጭማሪ ይለካል። ጭማሪው ከባዶው ኦቭን ቁጥር ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ከኤሌክትሮዶቹ የሚወጣ ነገር አለ ማለት ነው። ንጽጽሩ ትክክል እንዲሆን ባዶው ኦቭንም ቀድሞ በተመሳሳይ ሙቀት መለካት አለበት፤ ይህን ፈተና በባለ ቀስት ጌጅ ማካሄድ ግን አይቻልም።

ክብደትን መለካት የሚረዳው ናሙናው ብዙ ሲሆን ብቻ ነው። በ1 ግራም ሽፋን ውስጥ 500 ፒፒኤም ውሃ 0.5 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን በአንድ ክብ ኤሌክትሮድ ላይ ምንም አያሳይም፤ በበርካታ ግራም ላይ ግን ክብደቱ መቀነሱን ማቆሙን ያሳያል።

አስተማማኙ መለኪያ የካርል ፊሸር ኩሎሜትሪክ መሣሪያ (ጥቂት ውሃን በኬሚካላዊ ዘዴ የሚለካ) ከናሙና ማሞቂያው ጋር ነው። ናሙናው በግሎቭ ቦክስ ውስጥ በጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፣ ማሞቂያው ውስጥ ይሞቃል፣ የወጣውን ውሃ ደረቅ ጋዝ ተሸክሞ ወደ መለኪያው ያደርሳል። ምንም ያልያዘ ጠርሙስ በዚያው ግሎቭ ቦክስ ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት ታሽጎ መለካትና ውጤቱ ከናሙናው ላይ መቀነስ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ያለው ውሃ በኤሌክትሮዱ ስም ይመዘገባል። አንድ ኤሌክትሮድ በ120 ዲግሪና በ180 ዲግሪ ሲለካ የሚሰጠው የውሃ መጠን የተለያየ ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ከፒፒኤሙ ጎን ናሙናው የሞቀበት ሙቀት፣ ፒፒኤሙ ፎይሉን ጨምሮ ወይስ ለሽፋኑ ብቻ መሰላቱ፣ የማድረቂያው ፍጹም ግፊትና የዕለቱ የክፍሉ እርጥበት አብረው ይጻፋሉ።